የቅሬው ሦስተኛ በርሜል

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ድፎ ተቆረሰ፣ ኃላፊያችንም ከወረቀት እያነበበ አመሰገነኝ። እስከ መካከሉ ደህና ነበር። «ወባን ሲታገል የኖረ» አለ፤ ይሁን፣ ታግያለሁ። «የራያን ቆላ በእግሩ ያዳረሰ» አለ፤ ይህንንም ጉልበቴ ይመስክር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «በተለይ ደግሞ የከተማችንን የጤና ችግር ወጣት ተመራማሪዎች እንዲያጠኑት በር የከፈተ፣ ወጣቶችን በእጁ ይዞ ያሳደገ አባት» ሲል ጋቢው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ዳቦ አፉ ውስጥ ላለ ሰው ምን ይነገረዋል?

ከእነዚያ ወጣቶች አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ስድስት ነበሩ። አምስቱ ተጠርተው አልመጡም፤ ስድስተኛዋ መምጣት አትችልም። ስሟ ሰዓዳ ነው። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው እንጂ የእኔ የሥራ ዘመን ለብቻው ወረቀት የሚያስጨርስ አይደለም።

ደርበው እባላለሁ። የተቀጠርኩት ዋጃ ነው፣ በወባ መድኃኒት ረጪነት። ገና ጺሜ በደንብ አልወጣም ነበር። የመርጫውን ታንክ ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣ በዚያ ሐሩር፣ ከቤት ቤት እዞራለሁ። ዕቃ አውጡ፣ እህሉን ሸፍኑ፣ ሕፃናቱን አርቁ እያልኩ እለፈልፋለሁ። አበሉ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ቅጹ ሁልጊዜ በሦስት ቅጂ ነው። የቡድን መሪያችን ጋሽ ሁሴን የሚባል ረጅም ቀጭን የራያ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ጺሙን በሂና ያቀላል። ሲቆጣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ እኛም ያልገባንን ግማሽ ነበር አብልጠን የምንፈራው።

ጋሽ ሁሴን ውሃ ሲመረምር ይንበረከካል። «ቆሞ ያየ ሰው አላየም» ይል ነበር። መጀመሪያ ፀሐይዋን ያያል። ከዚያ ጥላው ውሃው ላይ በማያርፍበት ወገን ዞሮ ጉልበቱን ይጥላል፤ የትንኝ ትል ጥላ ካየ ወደ ታች ይሰምጣልና። ትንፋሹን ሰብስቦ ይጠብቃል። ትሎቹ ፈርተው ከሰመጡበት ሲመለሱ፣ ረጅም እጀታ ያለውን ነጭ ጭልፋ ጋደል አድርጎ ቀስ ብሎ ያገባዋል። ከውሃው ገጽ ጋር ጋደም ብሎ የሚንሳፈፈው የወባ ትንኝ ልጅ ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ። ይህን ለማወቅ እኔ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። እሱ ጭልፋውን ገና ሳያወጣ ይናገር ነበር።

ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው። በእኛ አገር የሰው የውሃ ዕቃ ከፍቶ ማየት ነውር ነው፤ ቆሻሻ ነሽ ብሎ ባለቤቷን እንደ መስደብ ነው። ጋሽ ሁሴን ስለዚህ አሳዩኝ አይልም። ደጃፉ ላይ ሰላም ብሎ ይቆምና «እስቲ ውሃ አጠጡኝ» ይላል። ውሃ የለመነን ሰው የሚመልስ የራያ ቤት የለም። ሴትየዋ ከየትኛው ዕቃ እንደቀዳች፣ ክዳን እንዳለው፣ ስንት ቀን እንደቆመ፣ ሁሉንም እየጠጣ ይለቅማል። በቀን ሃያ ቤት ገብቶ ሃያ ጣሳ ውሃ ይጠጣ ነበር። እኛ ሽንቱ እየመጣበት ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲዞር እያየን እንስቅበታለን።

ሦስተኛው ልማዱ ብርጭቆው ነው። ያልገባውን ትል በብርጭቆ ይዞ ይመጣል፣ አፉን በሻሽ ያስርና መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል። «ክንፍ ያውጣና ማን እንደሆነ ራሱ ይንገረን» ይላል። አንድ ጊዜ ሮቢት ሳለን ከላይ የመጣ አለቃ፣ በሪፖርቱ ላይ በአካባቢው ወባ የለም ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ጋሽ ሁሴን አልተከራከረም። ወጣ ብሎ ብርጭቆውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገለት። ትንኟ ሻሹ ሥር፣ እንደ ወባ ትንኝ ደንብ፣ ጅራቷን ወደ ላይ ቀስራ ተቀምጣለች። «ጌታዬ፣ ወረቀቱ የለችም ይላል፤ እሷ ደግሞ አለሁ ትላለች። የማንኛችሁን ልጻፍ?» አለው። በዚያው ዓመት ከመንገድ ወደ ራቀ ጣቢያ አዛወሩት። ብርጭቆውን ሸሚዙ ውስጥ ጠቅልሎ ሄደ፤ ጡረታውንም እዚያው ወጣ።

እኔ ከዚያ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንዱ ትል ማሳደግ ነው። ሁለተኛው አለቃ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አለማስቀመጥ ነው። በሁለተኛው እስከ መጨረሻው ጎበዝ ሆኜ ኖርኩ።

ሮቢት የጎሊናን ወንዝ ኩሬ ስጨልፍ ጥቂት ዓመት ቆየሁ። ከዚያ ኮርስ ላኩኝና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ተብዬ ወደ ቆቦ፣ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ተመለስኩ። አለቆች መጡ ሄዱ። አንዱ ቁጥር ይወድ ነበር፤ አንዱ ስብሰባ፤ አንዱ ደግሞ ደህና ሰው ነበርና ቶሎ ወሰዱት። ከተማዋ እኔ ሳላያት አደገች። ሠፈሩ ወደ ማሽላው ማሳ ገባ። ባጃጁ በዛ፣ አሮጌ ጎማው በየግቢው ተከመረ። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ሰው ያገኘውን በርሜልና ጀሪካን ሁሉ ይሞላል። ጦርነቱ አልፎ ቢሮ ስንመለስ ማይክሮስኮፕም መዝገብም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ዓይነት ትኩሳት ማየት የጀመርነው። ሰው አጥንቴን ሰባበረኝ እያለ ይመጣል፣ ከዓይኑ ጀርባ ያመዋል፣ ደሙ ሲታይ ወባ የለም ይባላል። እኔም «ምርመራው ስቶት ነው» እል ነበር። ያለ ወባ ትኩሳት መኖሩን መቀበል አቃተኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ነገር አልተማርኩማ!

በዚህ መካከል ከዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት መምህር መጣ። የከተማን የጤና ችግር የከተማዋ ልጆች ራሳቸው ቢያጠኑት ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ስድስት ወጣቶች ተመረጡ። የመስክ አስተማሪ ሆኜ እኔ ተመደብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ቁጭ የሚሉ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሰዓዳ አንድ አሮጌ ጎማ አጠገብ ሳትታዘዝ ጥላዋ ውሃው ላይ በማያርፍበት ወገን ዞራ ተንበረከከች። አንድ ጊዜ ነበር የነገርኳት። ወደ ሰማይ አየሁ፤ ጋሽ ሁሴን ትዝ አለኝ።

ሰዓዳ የፋጡማ ልጅ ናት። ፋጡማ ባሏ ከሞተ በኋላ ገበያ ላይ ቅመም እየሸጠች ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ድምጿ ግን ትንሽ አይደለም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሁሉን ነገር ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው ጥያቄ የማይጠይቁት» ብላ ከሰው ፊት ትቀልድብኛለች። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ቆይቶ ነው ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ።

አምስቱ ልጆች ጎማና ጉድጓድ ሲቆጥሩ እሷ ሌላ ሥራ ጀመረች። ወባ የለም ተብለው የተመለሱትን ትኩሳተኞች ስም ከጤና ጣቢያ ይዛ ቤት ለቤት ሄደች። «ከመታመማችሁ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የት የት ዋላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ገበያ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ማሳ፤ መልሱ የተለያየ ነው። አንድ ነገር ግን በሁሉም ዘንድ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ደብተሯን ይዛ ቢሮዬ ገባች።

«ጋሼ፣ ሁሉም ለቅሶ ውለዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ አገር ለቅሶ ያልዋለ ማን አለ?»

«የአንድ ቅሬ ለቅሶ ነው። የእኛ ሠፈር ቅሬ። ዛሬ እዚህ ቤት ድንኳን ይተከላል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዚያው ቤት ጎረቤት ይተኛል። ከዚያ ድንኳኑ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ትኩሳቱም ይከተለዋል።»

ቅሬ ማለት ቀባሪያችን ነው፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም በሠፈሩ አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ አራቱን የብረት በርሜል ለሐዘንተኛው ቤት ያመጣል። በርሜሎቹ ለለቀስተኛው ውሃ ይሞላሉ፤ ድንኳኑ ሲነሣ ይደፉና ዕቃ ቤት ይገባሉ። ሌላ ሰው እስኪሞት እዚያው ደርቀው ይቆያሉ። ያን ጊዜ የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቁልፉን ሰጠኋት። ትንሽ ትሥራና ይውጣላት ብዬ ነው። ሄጄም አየኋት። አራቱን በርሜሎች በቀይ የጥፍር ቀለም ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጻፈችባቸው። ሦስተኛው ውስጥ ቤቷ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ አንድ ጀሪካን ገለበጠች። አፉን በአጎበር ጨርቅ ጥርቅም አድርጋ በገመድ አሰረችው። በአምስተኛው ቀን ጠራችኝና ጨርቁን ፈታችው። ፀሐይዋን አየሁ፣ ዞርኩ፣ ተንበረከክሁ። ውሃው በትል ይርመሰመሳል። ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል።

«ውሃውን አፍልቼዋለሁ። ከላይ ዘግቼዋለሁ። በርሜሉም ደረቅ ነበር» አለች። «ታዲያ ከየት መጡ፣ ጋሼ?»

ክንዷን አስገብታ ከውሃው ከፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ በጥፍሯ ፋቀችና አሳየችኝ። እንደ ጥቀርሻ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። እንቁላሉ ብረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ደርቆ፣ ወራት ይጠብቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በርሜል መድፋት አይበቃም፤ መፈተግ አለበት። ትሎቹን በብርጭቆ ወስዳ አፉን በሻሽ አሰረችው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክንፍ ሲያወጡ ትንሽ ጥቁር ትንኞች ሆኑ፣ እግራቸው ነጭ ቀለበት በቀለበት። ጠዋትና ከሰዓት፣ በብርሃን፣ ለቀስተኛው በሚቀመጥበት ሰዓት የሚነክሱ ናቸው። ፎቶአቸውን ለመምህሩ ላከችለት። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ናት አላት።

ያን ቀን ደስ አለኝ። ወላሂ፣ እንደ ጋሽ ሁሴን ምያለሁ፣ ደስ አለኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ሥራዬ አንድ ሰው አዲስ ነገር አሳየኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ ለባለቤቴ ለአስካለ «ጋሽ ሁሴን ከመቃብር ተነሥቶ ቀሚስ ለብሶ መጣ» ብያት ስቀናል።

ደስታዬ ሦስት ቀን ቆየ። የቅሬው ዳኛ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ አያ ሞገስ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስንቱን ሬሳ በትከሻው አውጥቷል። ቢሮዬ መጥቶ ወንበር ሳይስብ ጀመረኝ።

«ደርበው፣ የምሰማው እውነት ነው? ያቺ የፋጡማ ልጅ የቅሬው በርሜል ሰው ይገድላል ብላ ጻፈች አሉ።»

«ገና ጥናት ነው፣ አያ። በርሜሎቹን ፈትገን ብናጥባቸው…»

«አጠብናቸው ማለት ቆሽሸው ነበር ማለት ነው። ያለፈው ዓመት ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ምን ይላሉ? የገደለብን ቅሬው ነው አይሉም? ለቀስተኛው ፈርቶ ቢቀርስ ሬሳውን ማን ያነሣዋል? ጥናቱ?»

ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም።

«የለቅሶን ውሃ መርዝ ነው ያለ ሰው፣ እሱ ቤት ለቅሶ አይደረስም። ሌላ ሰው ቢሆን ተሰብስበን ወስነን ነበር። ላንተ በወንድምነት ነው የመጣሁት» አለኝ።

ይህን የሚያነብ የሩቅ ሰው በዚህ ይፈራል ወይ ይል ይሆናል። ከቅሬ የወጣ ሰው ለቅሶ አይቼ አውቃለሁ። በወፍጮ ቤት የተነሣ ጠብ ነበረው፤ አስወጡት። ሚስቱ ስትሞት ድንኳን አልተከለለትም፣ አንድ ጎረቤት ደጁን አልረገጠም። መናኸሪያ ሄዶ ሸክም የሚሸከሙ ልጆች ለምኖ ነው ሬሳዋን ያስነሣው። ልጆቹ ስሟን አያውቁትም ነበር። ያ ነገር ፊቴ ላይ መጣብኝ። የእኔ አስካለ ናት የተሸከሟት የመሰለኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግሁ። ከልጆቹ ሪፖርት ሰዓዳ ስለ በርሜሎቹ የጻፈችበትን አራተኛ ገጽ አወጣሁ፤ በቦታው «አሮጌ ጎማዎችና ልዩ ልዩ ውሃ የሚያቁሩ ዕቃዎች» የሚል መስመር አስገባሁ። ቀጥሎ አያ ሞገስ ስለጠየቀኝ ደብዳቤ ጻፍኩለት። «የቅሬው የውሃ በርሜሎች በባለሙያ ታይተው ለጤና የሚያሰጋ ነገር አልተገኘባቸውም» ይላል። ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። ማኅተሙ ደብዘዝ ብሎ ስለነበር ደግሜ አስመታሁት። አይ እኔ! ውሸት ላይ እንኳ ጥንቁቅ ነኝ።

ሪፖርቱ በአዳራሽ ሲነበብ ሰዓዳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሲያልቅ ጠብቃ ተከተለችኝ።

«ጋሼ፣ አራተኛው ገጽ የት ሄደ?»

«በሚቀጥለው ዙር ይገባል።»

«የሚቀጥለው ዙር ከክረምቱ በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ። ቀስ ብለን ነው እንጂ አንዴ አይሆንም።»

አየችኝ። አልተቆጣችም። «እሺ፣ ጽሑፉ ይቅር። ስሜም አይጻፍ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ይስጡኝ። ብሩሽና የዱቄት ሳሙና ይዤ ገብቼ አራቱንም ፈትጌ እወጣለሁ። ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ማንም አያውቅም።»

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚያበቃው። ገጹን ማውጣቴን ሰው ይቅር ሊለው ይችል ይሆናል፤ ፈሪ ነበር ይባላል። ቁልፉን መከልከሌ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ስትፈትግ ብትታይ ደብዳቤዬ ውሸት መሆኑ ይታወቃል ብዬ አሰብኩ። «ቁልፉ የቅሬው ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አልኳት። ባለፈው ወር አውጥቼ ስሰጣት የማን ነበር?

«እርስዎ የነገሩኝ ጋሽ ሁሴን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ።

«ጋሽ ሁሴን ተዛወረ። ምን አተረፈ?» አልኳት።

ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ደህና ይዋሉ ጋሼ» ብላ ሄደች። ግንቦት ነበር።

ክረምቱ ገባ። ሠፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ሞተ፣ አንዱ በእርጅና ነው። ሁለቱም ቤት በርሜሎቹ ሄዱ። ሰዓዳም ሁለቱም ቤት ሄዳለች፤ የሠፈሯ ሰው ነው፣ እንዴት ትቀራለች? ከሴቶቹ ጋር ጎንበስ ቀና ስትል አይቻታለሁ። አንዴ ከበርሜሎቹ አጠገብ ቆማ ክዳን ልታበጅላቸው ጆንያ ስታለብስ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ ውሃ ለመቅዳት መልሳ ገፈፈችው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ ቀድሜ ዓይኔን መለስኩ።

መስከረም ላይ ትኩሳት ያዛት። ወባ የለም አሏት። እሷ ራሷ ለሐኪሙ «ደንጊ ነው» ብላ ነግራዋለች አሉ። በአራተኛው ቀን ድዷ መድማት ጀመረ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳት። ኢና ሊላሂ፣ በማግስቱ ሬሳዋ ተመለሰ። የትኛዋ ትንኝ፣ የት ቤት፣ በየትኛው ቀን እንደነከሰቻት ማንም ማወቅ አይችልም። ሥራዬ ነውና ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሆኖም ልቤ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

በቀብሯ ማግስት ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። አራቱ በርሜሎች በግራ በኩል ተደርድረዋል፤ ሦስተኛው ከፊት ነው። ቀዩ ቁጥር ይታያል። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ፀሐይዋን አየሁ፣ ዞርኩ፣ ተንበረከክሁ። ሰው የማለቅስ መስሎት «አይዞህ» አለኝ። ትሎቹ ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥለዋል። ተነሥቼ የበርሜሉን ጠርዝ ያዝኩ፤ ልደፋው ነው። አያ ሞገስ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ደርበው፣ ተው። ሐዘን ቤት ነው።»

«ትል አለበት! ልጅቷን የገደላት ይኼ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አያ ሞገስ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዞት ይዞራል። እንዳያሳፍረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተው ነህ እኮ ነጻ ነው ብለህ የፈረምከው። ባለሙያው አንተ ነህ። ሐዘኑ ከብዶህ ነው፣ ና ቁጭ በል» አለኝ። ሰዎች እጄን ከበርሜሉ ላይ ቀስ አድርገው አላቀቁኝ። «ጋሽ ደርበው ይወዳት ነበር» ሲባል ሰማሁ። በሰው ፊት ብሰደብ እመርጥ ነበር።

ፋጡማ ከውስጥ አስጠራችኝ። ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ጋሽ ደርበው፣ ልጄ ይህንን ነግራዎት ነበር?»

«ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ግንቦት ላይ።»

ጣቷን አወጣችና መቁጠር ጀመረች። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ጳጉሜንም አልዘለለችም። መስከረም ስትል እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ትርገመኝ ብዬ ለመንኩ። እሷ ግን አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘወር ብላ «ለጋሽ ደርበው ውሃ ስጧቸው፣ ደክሟቸዋል» አለች። ይህ የቤቷ ደንብ ይሁን ወይም ፍርድ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሴትየዋ ወጥታ ከፊተኛው በርሜል በጣሳ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት። ጋሽ ሁሴን እየጠጣ ያይ ነበር፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጨረስኩት።

ድንኳኑ ሲነሣ በርሜሎቹ ተደፍተው ዕቃ ቤት ገቡ። በቅሬው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ደብዳቤው ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው የጻፍኩት አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። «ልጅቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆነ» ብለው አዘኑልኝ። ጸሐፊነቱን ለሌላ ሰው፣ ቁልፉንም ለእሱ ሰጡት፤ እንዳርፍ ብለው ነው። ቢሮም አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ጡረታዬ ስለደረሰ ለተተኪው ይተላለፍ ተባለ። መምህሩ ስልኬን አያነሣም፣ አልፈርድበትም። ከአምስቱ ልጆች ብርሃኑ የሚባለው ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ያየኛል። ለሁሉም ሰው ይቆማል፣ ለእኔ አይቆምም።

በዚህ ወር ሠፈራችን ሌላ ድንኳን ተተክሏል። ሄጄ ተቀምጬ ነበር፤ በርሜሎቹ ሞልተዋል። ውስጣቸውን ላይ ስነሣ የሚያየኝ ሰው ስለበዛ መልሼ ተቀመጥኩ። ከቅሬው አላስወጡኝም። የፈራሁት አንዱም አልደረሰብኝም። ቀባሪ አለኝ። ስሞት ድንኳኑ ይተከልልኛል፣ አራቱም በርሜሎች ደጄ ይመጣሉ። ሦስተኛው ላይ የሰዓዳ የጥፍር ቀለም ገና አልለቀቀም።